አድራሻው የጠፋበት ኮምፒውተር

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2007 መጀመሪያ ላይ፣ ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ “ኢቭ ኦንላይን” ለተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታው ትልቅ ማሻሻያ ለቀቀ። ጨዋታው የጠፈር ጨዋታ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድ ዓለም ውስጥ መርከብ ያበርራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ። “ትሪኒቲ” የተባለው ማሻሻያ የመርከቦቹን መልክ እንደ አዲስ የሠራ ስለነበር ተጫዋቾቹ በጉጉት ሲጠብቁት ቆይተው እንደወጣ አውርደው ጫኑት። በኋላ ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ሲያበሩ ግን የአንዳንዶቹ ማሽን በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ዊንዶውስ አልነሳ አለ።

ቫይረስ አልገባም፣ ሃርድ ዲስኩም አልተመታም። ማሻሻያው ሲጫን አንዲት ፋይል ሰርዟል፤ ስሟ ቡት ዶት አይኤንአይ ነው። ጨዋታው በራሱ ፎልደር ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ የግሉ ፋይል ነበረው፤ ፕሮግራመሮቹ ሊሰርዙ ያሰቡትም ያንን የራሳቸውን ነበር። ትዕዛዙ ሲጻፍ ግን ከፋይሉ ስም ፊት ባክስላሽ የምትባለው ወደ ግራ ያጋደለች ጭረት ብቻዋን ቀረች። ያቺ ጭረት ለዊንዶውስ “ከዲስኩ ሥር ጀምረህ ፈልግ” ማለት ናት። ማሻሻያውም የጨዋታውን ፎልደር ትቶ በሲ ድራይቭ ሥር ወደተቀመጠው የዊንዶውስ ፋይል ሄደ፤ አገኘውና ሰረዘው።

ያ ፋይል ቢታተም ግማሽ ገጽ አይሞላም። እሱ ሲጠፋ ሰነዱ፣ ፎቶው፣ የሂሳብ መዝገቡና ራሱ ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ እንዳሉ ተቀምጠው አስነሺ ያጣሉ። በእኛም አገር ይህ ዓይነቱ ብልሽት እንግዳ አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስም “ፎርማት መደረግ አለበት” የሚል ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ብልሽቱ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚቃና ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ ያለበቂ ምክንያት የዓመታት ሥራውን ያጣል። ስለዚህ ይህ ፋይል ምን እንደሚሠራና ሲጠፋ እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከማብሪያው እስከ ዊንዶውስ

ኮምፒውተር ሲጠፋ ራሙ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ በበራ ቁጥር ከባዶ ነው የሚጀምረው። ማብሪያው ሲነካ በመጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በቆዩት ማሽኖች ባዮስ ይባላል። ባዮስ ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ከፈተሸ በኋላ ከዲስኩ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ለማስነሻ ትዕዛዝ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚያሳይ ሰንጠረዥ የተመደቡ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ “ከዚህ መነሳት ይቻላል” የሚል ምልክት ይይዛሉ። ዊንዶውስን የሚያህል ነገር በ446 ባይት አይነሳም። ስለዚህ ያ ትንሽ ትዕዛዝ ከእሱ ከፍ ያለውን ይጠራል፣ የተጠራውም ሌላውን ይጠራል፤ ቅብብሉ እስከ ዊንዶውስ ድረስ ይቀጥላል።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የቅብብሉ ቁልፍ ሰው ኤንቲ ሎደር የተባለው ፕሮግራም ነበር። ዊንዶውስን ፈልጎ የሚያስነሳው እሱ ነው፤ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ቡት ዶት አይኤንአይን ከፍቶ ያነባል። ይህ አሠራር ዊንዶውስ ኤንቲ ከወጣበት ከ1985 ዓ.ም. የመጣ ሲሆን፣ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ኤክስፒም ወረሰው። በየኢንተርኔት ካፌውና በየመሥሪያ ቤቱ ኤክስፒ ለዓመታት ያልተነቀለ በመሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር የለመዱት በእሱ ነው፤ ፋይሉን ሳያዩት በየቀኑ ተጠቅመውበታል።

የማያዩት ተደብቆ ስለሚቀመጥ ነው። የተደበቀ፣ የሲስተም፣ እንዳይጻፍበት የተከለከለ የሚሉ ሦስት ምልክቶች ተለጥፈውበታል። ቢከፈት ግን በኖትፓድ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅና ተጠቃሚው ካልመረጠ የትኛው ዊንዶውስ እንደሚነሳ ይናገራል። ሁለተኛው በማሽኑ ላይ ያሉትን ዊንዶውሶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የዝርዝሩ አንድ መስመር በእኛ ፊደል ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

መልቲ(0)ዲስክ(0)አርዲስክ(0)ፓርቲሽን(1)\ዊንዶውስ

መጀመሪያ ሲታይ ያስፈራል። ይሁንና አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚጠቁም ሰው ከሚናገረው ብዙ አይለይም። “ከአደባባዩ በስተግራ ግባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ በል፣ ሁለተኛው ግቢ፣ ሰማያዊው በር” እንደሚባለው ሁሉ፣ መስመሩም ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየመራ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ዲስኩ የተሰካበትን መቆጣጠሪያ፣ ቀጥሎ የትኛው ዲስክ እንደሆነ፣ ከዲስኩ የትኛው ክፍል፣ ከክፍሉ የትኛው ፎልደር። አንድ የሚያሳስት ነገር አለው፤ ዲስኮቹ ከዜሮ ይቆጠራሉ፣ የዲስኩ ክፍሎች ግን ከአንድ። “አርዲስክ(0)” ማለት የመጀመሪያው ዲስክ ሲሆን “ፓርቲሽን(1)” ማለትም የመጀመሪያው ክፍል ነው። ይህን ሳያስተውሉ ፋይሉን በእጃቸው ያስተካከሉ ሰዎች ዊንዶውሳቸውን ከሌለበት ቦታ ሲያስፈልጉ ኖረዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው ተጫዋቾች እንመለስ። ፋይሉ ከሁሉም አልተሰረዘም፤ ከተሰረዘባቸውም መካከል ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ አልፈዋል። ምክንያቱ ኤንቲ ሎደር አድራሻውን ሲያጣ ዝም ብሎ አይቆምም፤ “የቡት ፋይሉ ልክ አይደለም፣ ከሲ ዊንዶውስ እየተነሳ ነው” ብሎ የመጀመሪያውን ዲስክ የመጀመሪያ ክፍል በግምት ይሞክራል። ዊንዶውሱ እዚያ ከሆነ ማሽኑ ይነሳል። የተቸገሩት ዊንዶውሳቸው በሁለተኛው ዲስክ ወይም በሌላ ክፍል ላይ የነበረ፣ ፎልደሩን በሌላ ስም የሰየሙ፣ ከአምራቹ ፋብሪካ ሌላ ክፍል ከፊት ተቀምጦለት የመጣ ኮምፒውተር ያላቸው ናቸው። የዊንዶውስ ቪስታ ተጠቃሚዎች ደግሞ ከነጭራሹ አልተነኩም፤ ቪስታ ይህን ፋይል ትቶት ስለነበር የሚሰረዝ ነገር አልተገኘም።

ኩባንያው ማሻሻያውን ከስርጭት አውጥቶ አረመው፤ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረም ለተጫዋቾቹ በዝርዝር ጽፎ አስረዳ።

ሌላ ቦታ የሚጠቁም መልእክት

የዚህ ብልሽት ትልቁ ችግር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። አድራሻው የተሳሳተ ኤክስፒ ብዙ ጊዜ “ሃል ዶት ዲኤልኤል የተባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፤ ፋይሉን እንደገና ጫን” ይላል። ሃል ዊንዶውስን ከማሽኑ አካል ጋር የሚያገናኝ እውነተኛ ፋይል ነው። ነገር ግን አልጠፋም። ኤንቲ ሎደር በተሳሳተው አድራሻ ሄዶ በሩን ሲከፍት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች መካከል ሃልን አላገኘውም፤ ያላገኘውን ደግሞ “ጠፋ” ይለዋል። የተሳሳተ ግቢ ገብቶ “ሰውየው የለም” ብሎ እንደሚመለስ መልእክተኛ ማለት ነው።

መልእክቱን ቃል በቃል ያመነ ሰው ሃልን ከሌላ ኮምፒውተር ገልብጦ ያመጣል፤ አይሠራም። ከዚያ ዊንዶውሱ ራሱ ፈርሷል ብሎ ይደመድማል። ወደ ፎርማት የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ልምድ ያለው ባለሙያ ግን የኤክስፒውን ሲዲ ከትቶ ከሲዲው ይነሳል፤ “ለማስተካከል አርን ተጫን” የሚለው ሲመጣ አርን ይጫናል። ጥቁሩ የጥገና መስኮት ሲከፈት የዊንዶውሱን ቁጥርና የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ያስገባና አንድ ትዕዛዝ ይጽፋል፤ ቢ፣ ኦ፣ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለች ጭረትና “ሪቢልድ”። ማሽኑ ዲስኮቹን አስሶ ያገኘውን ዊንዶውስ ያሳያል፣ “ወደ ዝርዝሩ ይግባ?” ብሎ ይጠይቃል። ዋይ ተብሎ ይመለስለታል። ስም ይጠይቃል፤ “ዊንዶውስ ኤክስፒ” ተብሎ ይጻፍለታል። የመነሻ አማራጭ ሲጠይቅ “ፋስትዲቴክት” የሚለው ከነጭረቱ ይሰጠዋል። ሲዲው ወጥቶ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ዴስክቶፑ ከነፎቶው ይመለሳል። ከፎርማት ጋር ሲነጻጸር ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ የሚያልቅ ነው።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ማሽኖቹ ግን ዛሬም በአንዳንድ ሱቆች፣ ማተሚያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ውስጥ ለአንድ የቆየ ፕሮግራም ሲባል ይሠራሉ። የኤክስፒን ሲዲ ያልጣለ ባለሙያ ለእነዚህ ሰዎች ባለውለታ ነው።

የዛሬው ፋይል ቢሲዲ

ከቪስታ ጀምሮ እስከ ዊንዶውስ 11 ድረስ የቡት ዶት አይኤንአይን ቦታ የያዘው ቢሲዲ የተባለ ፋይል ነው። ሥራው ያው ነው፤ የትኛው ዊንዶውስ፣ ከየትኛው የዲስክ ክፍል፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ ይመዘግባል። የተለወጠው አጻጻፉ ነው። በኖትፓድ አይነበብም፣ በእጅ አይታረምም፤ እንደ ዊንዶውስ ሬጅስትሪ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል።

መኖሪያውም ተለውጧል። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች በባዮስ ፈንታ ዩኢኤፍአይ በተባለ ሥርዓት ነው የሚነሱት፤ በእነዚህ ላይ ቢሲዲ የሚቀመጠው ከሲ ድራይቭ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ በሆነች፣ ፊደል ባልተሰጣትና “ማይ ኮምፒውተር” ውስጥ በማትታይ የዲስክ ክፍል ውስጥ ነው። ይህች ክፍል ተደብቃ መኖሯ ከአጋጣሚ ስረዛ ያድናታል። ከሌላ አደጋ ግን አያድናትም። ዲስኩን ሲያስተካክል “ይህች ትንሽዬ ምን ታደርጋለች” ብሎ የሚያጠፋት አለ። ዊንዶውስን ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ሲያዛውር ሲ ድራይቭን ብቻ ገልብጦ እሷን የሚረሳም አለ፤ አዲሱ ዲስክ ሙሉ ዊንዶውስ ይዞ ሳለ አይነሳም።

ከሰው እጅ ውጭ የሚመጣው ደግሞ በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ መብራት። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ የማስነሻ ፋይሎቹንም አንዳንድ ጊዜ ይጽፋል። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ በዚያች ቅጽበት መብራት ሲቋረጥበት ጽሑፉ በከፊል ይቀራል። እያረጀ የመጣ ሃርድ ዲስክም ልክ ይህ ፋይል ያረፈበት ቦታ ላይ ሊሞት ይችላል።

ውጤቱ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ስክሪን ነው፤ “ኮምፒውተርዎ መጠገን ያስፈልገዋል” ይላል፣ የቡት መረጃው ጠፍቷል ወይም ስህተት አለበት ብሎ ይቀጥላል፣ ከሥሩ 0 ብሎ የሚጀምርና በርካታ ዜሮዎች የተደረደሩበት የስህተት ቁጥር ይጽፋል። ይህ መልእክት ከኤክስፒው ይሻላል፤ ቢያንስ የጠፋውን በስሙ ይጠራል።

እጅ ከመስደድ በፊት

አንዳንዴ የጠፋ ነገር ጭራሽ አይኖርም። ኮምፒውተሩ ላይ የተረሳ ፍላሽ ካለ ባዮሱ መጀመሪያ እሱን ሞክሮ “መነሻ አላገኘሁም” ሊል ይችላል፤ ነቅሎ ማብራት ነው። ሁለተኛው ምክንያት የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ያቺ የሳንቲም መጠን ያላት ክብ ባትሪ ስትሞት የባዮሱ ምርጫ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የዲስኮቹ ተራ ሊዛባ፣ ዩኢኤፍአይ የነበረው አነሳስም ወደ ቀድሞው ዓይነት ሊዞር ይችላል። ማሽኑ ሰዓቱንና ዓመቱን ሁልጊዜ የሚያሳስት ከሆነ ባትሪውን መጠርጠር ይገባል። ሦስተኛ፣ ባዮሱ ውስጥ ገብቶ የዲስኩ ስም መኖሩን ማየት ነው። ስሙ ከሌለ ጉዳዩ የፋይል መሆኑ ቀርቶ የዲስክ ወይም የገመድ ሆኗል፤ የትኛውም ትዕዛዝ አያድነውም።

ዲስኩ ካለ፣ ቀጣዩ ሥራ ጥገና ሳይሆን ፋይል ማውጣት ነው። ለዚህ አንድ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚወርደው መሣሪያ ፍላሹን የዊንዶውስ መጫኛ ያደርገዋል። ከእሱ ተነስቶ “አሁን ጫን” የሚለውን ትቶ “ኮምፒውተሩን ጠግን” የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ የትዕዛዝ መስኮቱን መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት ዘዴ አለች። ኖትፓድ ተብሎ ሲጻፍ ኖትፓድ ይከፈታል፤ “ፋይል”፣ ቀጥሎ “ክፈት” ሲባል የዲስኩ ፎልደሮች ሁሉ ይታያሉ። የፋይሉ ዓይነት ላይ “ሁሉም ፋይሎች” ከተመረጠ የሠርግ ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የደንበኞች ዝርዝሩን እየገለበጡ ወደ ሌላ ፍላሽ መለጠፍ ይቻላል። የጥገና ቤት ደንበኛ “ፎርማት” የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢያንስ ይህ መደረጉን የመጠየቅ መብት አለው።

አንድ ነገር ግን ይህን ሁሉ ሊዘጋው ይችላል። በርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለ መቆለፊያ የተመሰጠረ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀውም ሊበራ ይችላል። የማስነሻው ፋይል ሲነካ ቢትሎከር ሌባ የመጣበት መስሎት 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የለቀቀው አንድ የተሳሳተ ፋይል እንደ ማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲያስተኛ፣ በየአየር መንገዱና በየሆስፒታሉ ባለሙያዎችን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ይህ ቁልፍ ነበር። መፍትሔው አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቁልፉ በእጃቸው የሌለ ሰዎች ወደ ፋይሉ መድረስ አልቻሉም። የግል ኮምፒውተር ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ በስልክ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ጥገናው

ፍላሹ ላይ “የመነሻ ጥገና” የሚል ምርጫ አለ፤ ትዕዛዝ ሳያስጽፍ በራሱ ይሞክራል። መጀመሪያ እሱን መሞከር አይጎዳም። ካልሠራ ወደ ትዕዛዝ መስኮቱ መመለስ ነው። ከዚህ በታች በእኛ ፊደል የተጻፉት ትዕዛዞች በኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉ ናቸው።

የቆየ፣ በባዮስ የሚነሳ ማሽን ከሆነ ቡትሬክ የተባለው መሣሪያ አራት ሥራ አለው። “ፊክስኤምቢአር” በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ያለውን የማስነሻ ትዕዛዝ ያድሳል፤ የዲስኩን አከፋፈል አይነካም። “ፊክስቡት” የዲስኩን ክፍል መነሻ ያስተካክላል። “ስካንኦኤስ” ዊንዶውስን ያስሳል፣ “ሪቢልድቢሲዲ” ደግሞ ያገኘውን ይመዘግባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መሣሪያው “የተገኘ ዊንዶውስ፦ 0” ሊል ይችላልና። ዜሮው ዊንዶውስ ጠፋ ማለት አይደለም። መሣሪያው የሚቆጥረው ገና ያልተመዘገበውን ስለሆነ፣ በተበላሸው ቢሲዲ ውስጥ ስሙ ያለ ዊንዶውስ አይቆጠርም። አሮጌው ቢሲዲ ሳይሰረዝ ስሙ ብቻ ሲቀየርና ፍለጋው ሲደገም ዜሮው አንድ ይሆናል።

በዩኢኤፍአይ ለሚነሳው አዲስ ማሽን ይበልጥ የሚያስተማምነው ቢሲዲቡት የተባለው መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ዊንዶውሱ በየትኛው ፊደል ሥር እንዳለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጥገና መስኮቱ ውስጥ ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ሁልጊዜ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ይገኛል። “ዲር ሲ፦” ብሎ ዝርዝሩን ማየት፣ ዊንዶውስና ዩዘርስ የሚሉ ፎልደሮች ከሌሉ ዲን መሞከር ነው።

ቀጥሎ ዲስክፓርት ይከፈታል። “ሊስት ቮልዩም” ሲባል የዲስኩ ክፍሎች ከነመጠናቸው ይደረደራሉ፤ ፋት32 የሚል ዓይነት ያላትና ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነችው ተፈላጊዋ ናት። በቁጥሯ ተመርጣ ኤስ የሚል ፊደል ይሰጣትና ከዲስክፓርት ይወጣል። ዲስክፓርት ውስጥ “ክሊን” የሚል ትዕዛዝም አለ፤ የዲስኩን አከፋፈል በሙሉ ያጠፋል፣ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎም አይጠይቅም። ስለዚህ እዚያ መስኮት ውስጥ የማያውቁትን ቃል መጻፍ አይገባም።

አሁን የቀረው አንድ መስመር ነው፦

ቢሲዲቡት ሲ፦\ዊንዶውስ /ኤስ ኤስ፦ /ኤፍ ዩኢኤፍአይ

መስመሩ የሚለው ይህ ነው፤ በሲ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ውሰድ፣ የማስነሻ ፋይሎቹን ኤስ ወደተባለችው ክፍል ገልብጥ፣ በዩኢኤፍአይ ለሚነሳ ማሽን የሚሆን ቢሲዲ ጻፍ። ከሰከንዶች በኋላ የቡት ፋይሎቹ መፈጠራቸውን የሚያበስር አጭር መስመር ይወጣል። ፍላሹ ተነቅሎ ማሽኑ ይነሳል። ፍላሹ እንደተሰካ ተነስቶ ሠራ ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ነቅሎ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አብርቶ ነው ለባለቤቱ የሚያስረክበው።

ሊኑክስ ለሚጠቀሙም ነገሩ ዘመድ ነው። በብዙዎቹ ሊኑክሶች ላይ የማስነሳቱን ሥራ የሚሠራው ግረብ የተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ የማስተካከያ ፋይሉ ሲጠፋ ስሙን ብቻ ጽፎ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ዲስኩን፣ ከርነሉንና የመነሻ ምስሉን በእጅ እየነገሩት ሊኑክስን ማስነሳት ይቻላል፤ ከተነሳ በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ “አፕዴት ግረብ” የሚለው ትዕዛዝ ፋይሉን መልሶ ይጽፈዋል። 

ጥገናው ተሳክቶ ከሳምንት በኋላ ብልሽቱ ከተመለሰ ፋይሉን ደግሞ ከመጻፍ በፊት ዲስኩን መመርመር ይገባል። ቼክዲስክ የተባለው መሣሪያ የተበላሹ ቦታዎች መብዛታቸውን ካሳየ፣ ወይም ሃርድ ዲስኩ “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ ካወጣ፣ ማሽኑን ደጋግሞ ማስነሳት ፋይል የማውጫ ጊዜውን መብላት ነው። ያን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰነዱና ለፎቶው ነው።

ሳይበላሽ በፊት

ደህና በሆነ ቀን የሚሠራው ዝግጅት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቢሲዲኤዲት የተባለው መሣሪያ “ኤክስፖርት” በሚል ትዕዛዝ ሙሉውን ቢሲዲ በፈለጉት ስም ይገለብጣል፤ ያ ቅጂ በሌላ ፍላሽ ላይ ይቀመጥና በክፉ ቀን “ኢምፖርት” ተብሎ ይመለሳል። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አንዱ ለአንድ ቢሮ ወይም ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። የቢትሎከሩ 48 አሃዝ በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ሰነዶች ጋር መቀመጥ አለበት፤ በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ ላፕቶፑ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል። ዴስክቶፕ ደግሞ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ መብራት ሲሄድ ዊንዶውስ የጀመረውን ጽፎ የሚጨርስበትን ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ብዙ ሰው አሮጌ ማሽኑን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ፣ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለመተካት ወይም ሊኑክስን ለመሞከር ሲነሳ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ያቺን የተደበቀች ትንሽ የዲስክ ክፍል ይነካል። ሥራው የሚጀመረው ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ከገለበጡ፣ ቢሲዲውን “ኤክስፖርት” ካደረጉና ቁልፉን ከጻፉ በኋላ መሆን አለበት።

የአይስላንዱ ኩባንያም የራሱን ጥንቃቄ አድርጓል። በጨዋታው ፎልደር ውስጥ የነበረውን ፋይል ስሙን ለውጦ “ስታርት ዶት አይኤንአይ” አለው፤ ማሻሻያው ከእንግዲህ መንገድ ቢስት እንኳ በሲ ድራይቭ ሥር በዚያ ስም የሚያገኘው የዊንዶውስ ፋይል የለም።